ክላቬ በኤረር ጣቢያ

ኤረርን የማውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በፍል ውኃዋና በባቡር ጣቢያዋ። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በበረሃው ጠርዝ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ዘመኗን በባቡር ፉጨት ስትቆጥር ኖራለች፤ ዛሬ ግን አሮጌው ሐዲድ ዝም ብሏል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ስትለዝብ፣ ሐዲዱ ላይ ተቀምጠው ብረቱን በጠጠር የሚመቱ ሰው አየሁ። አምስት ምት። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። እንደገና ሦስት፣ ሁለት…

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚመቱት?» አልኳቸው።

«ክላቬ ይባላል፤ ኩባ ያስቆጠረችኝ ፊደል ነው» አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪም ሆነው ያገለገሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። አባታቸው በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የወደቁ ወታደር ነበሩ።

ያን ጦርነት አንባቢ አይዘነጋውም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በዚሁ በእኛ ሐዲድ ላይ ያሉ ድልድዮችም ፈነዱ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ወደቀች፤ ከካራማራ ድል በኋላ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። በድሉ ውስጥ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ድርሻ ነበራቸው፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ሥር የ163 ኩባውያን ሙታን መታሰቢያ ቆሟል። ስለ ታንኩ ብዙ ተጽፏል። ከጦርነቱ በኋላ ስለተጓዙት ሕፃናት ግን ጥቂት ነው የምናነበው።

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ባሕር ተሻግረው ወደ ኩባ ሄዱ። ማረፊያቸው ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል የነበረው የወጣቶች ደሴት ነበር። አንጎላውያን፣ ሞዛምቢካውያን፣ ናሚቢያውያን ልጆችም እዚያ ነበሩ። የቀኑ ግማሽ ትምህርት፣ ግማሹ በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሥራ ነበር። አገራቸውን እንዳይረሱ ቋንቋና ታሪክ የሚያስተምሯቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረዋቸው ሄደው ነበር። ከትምህርት ቤቶቹ አንዱ ካራማራ ይባል እንደነበር ከተመላሾች አፍ ሰምቻለሁ። አባት የወደቀበትን ተራራ ስም በደብተር ልባስ ላይ ይዞ ማደግ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ አላውቅም፤ ጋሼንም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ሙዚቃውን ማን አስተማራችሁ?» ስል ግን ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። ክፍልማ አልነበረም። የደሴቲቱ የራሷ ዜማ ሱኩ ሱኩ ይባላል፤ የሶን የቅርብ ዘመድ ነው። እሱ ከየቤቱ ይሰማ ነበር። በበዓል ቀን የየአገሩ ልጆች መድረክ ላይ ይወጡና እኛ እስክስታ፣ እነሱ የየራሳቸውን ያቀርባሉ። የኩባ ልጆች ደግሞ ሩምባ። «ትከሻችንን አይተው ይደነቁ ነበር፤ እኛ ደግሞ ወገባቸውን!» አሉኝ። ከዚያ አንድ ኩባዊ መምህር ጠረጴዛ ላይ አምስቱን ምት እየመታ፣ በዚህ ላይ ያልቆመ ዘፈን ወለሉ የተናጋ ቤት ነው አላቸው።

ነገሩ እውነት አለው። ክላቬ በሁለት ልኬት ውስጥ የሚመታ አምስት ምት ሲሆን፣ ከበሮውም ጊታሩም ድምፁም እሱን እየጠበቁ ይሄዳሉ። ይህ የአቆጣጠር ሥርዓት ከምዕራብና ከማዕከላዊ አፍሪቃ በባርነት በተጋዙ ሰዎች እጅ ወደ ደሴቲቱ ገባ፤ ባርነት በኩባ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። በሐቫናና በማታንሳስ ወደቦች ከበሮ ያጡ ሠራተኞች የዕቃ ሣጥን መቱ፤ ሩምባም ከዚያ ድምፅ ጋር አደገች። እንግዲህ አንድ የአፍሪቃ ልጅ አባቱን በአፍሪቃ አጥቶ፣ ከአፍሪቃ የተዘረፈ ሕዝብ ያቆየውን ምት በካሪቢያን ባሕር መካከል ተማረ ማለት ነው። (ሙላቱ አስታጥቄ ቀድሞ በሌላ በር ገብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሁለት ሸክላ አሳትሟል። ያ ግን የባለሙያ ፍለጋ ነው፤ ይህኛው የወላጅ አልባ ልጅ ዕጣ ነው።)

አንድ ነገር መዝለል አልችልም። እኔ ይህን የምጽፈው ከሶማሌ ምድር ነው። የኩባ ስም እዚህ ላለ ብዙ ሰው ከበሮ ሳይሆን መድፍ ነው የሚያስታውሰው፤ የሸሸ ቤተሰብና የጠፋ ግመል ነው። ለአዲስ አበባ የወዳጅነት ሐውልት የሆነው ነገር ለዚህ ሰው ሌላ ነው። ጋሼም ያውቁታል። ሥራቸው ከአርብቶ አደሩ ጋር ነበርና፣ ኩባ መማራቸውን ለባለ ግመሎቹ ሳይናገሩ ዓመታት እንዳለፉ አጫውተውኛል።

የኩባ ጦር እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። ደሴቲቱ ላይ የቀሩት ልጆች የላካቸው መንግሥት ከእግራቸው ሥር ጠፋ። አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። የተመለሱት ስፓኒሽ የሚያወሩበት ሰው ፈለጉ፤ አዲስ አበባ ላሉት ተገኘላቸው። ኤረር ላይ ግን ማን አለ?

ያን ማታ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከበውን ቆሙ። ጋሼ አንዱን የውኃ ጀሪካን ገልብጠው ሰጡትና መነሻ ምቱን አሳዩት። ልጁ ሦስቱን ይዞ ሁለቱን ጣለ፤ እንደገና ጀመረ። በአራተኛው ሙከራ ያዘው። አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ከኋላ ሆና በዳንቶ ጭብጨባ ገባችበት። እንዲህ አይደለም ብለው ያስተካክሏታል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ሌሎቹን ዝም አሰኙ።

«ተዋት» አሉኝ፤ «መጀመሪያ የሷን ልስማ።»

ጠጠሮቹን ሐዲዱ ላይ አስቀምጠው እሷን ተከትለው ማጨብጨብ ጀመሩ።