ወሬው የቀደመው ጨዋታ

በ1982 እ.ኤ.አ. አታሪ «ኢ.ቲ.» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንት ገደማ አሠራው፤ ካልተሸጠው ክምር ከፊሉ በኒው ሜክሲኮ ቆሻሻ መጣያ ተቀበረ፤ በ2014ም ተቆፍሮ ወጣ። ብዙ የተወራለት «ሳይበርፐንክ 2077» ደግሞ በ2020 ብልሽት እንደሞላበት ወጥቶ በቀናት ውስጥ ከሶኒ መደብር ተነሣ። ወሬው ሥራውን ሲቀድም ዕዳው የሚያርፈው ተጫዋቹ ላይ ነው። «ኋላ ተጠግኖ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2016 የወጣው «ኖ ማንስ ስካይ»ም በዓመታት ማሻሻያ ተክሷል። ጥገናው የሚመጣው ግን በኢንተርኔት ነው፤ መስመሩ ደካማ ከሆነ ለወሎዋ ቢስቲማ ተጫዋች ጨዋታው ዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ለዚህም ይመስለኛል፣ ሒሳብ በየግጥሚያው በሚከፈልበት የፕሌይስቴሽን ቤት፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ያረጀ የእግር ኳስ ጨዋታ አዲሱን ዝነኛ የሚያስንቀው፦ ደንበኛው ለተስፋ ሳይሆን ለተጫወተው ይከፍላል።