የማህፀን ደም መፍሰስና በቅርባችን ያለው ባለሙያ፦ ከጎንደር ኮሌጅ እስከ ጤና ጣቢያችን



በዚህ ዕትም የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ ግን ጮክ ብለን የማናወራው ነው። የወር አበባ ከልክ በላይ ሲበዛ፣ ከሳምንት አልፎ አልቆም ሲል፣ ከጊዜው ውጪ ሲመጣ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ሲታይ ሐኪሞች ያልተለመደ የማህፀን ደም መፍሰስ ይሉታል። እኛ ግን “የሴት ነገር ነው” ብለን ችለን እንኖራለን። ይህን ችግር የጤና ጣቢያ ባለሙያ እንዲያክመው ማሠልጠን በአገራችን ከየት እንደተነሳና ምን እንደቀረው በአጭሩ እንይ።

መነሻው ጎንደር ነው። በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር፤ ያለውም በከተማ ነበር። ስለዚህ ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ገጠር ላከ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሕመምተኛው ሐኪም እስኪያገኝ ከሚጠብቅ፣ በአቅራቢያው ያለው ሰው ይሠልጥንለት።

በደርግ ዘመን ኮሌጁ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ሲለወጥ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደገና ተጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. ገደማም 5,000 ጤና መኮንኖችን በተፋጠነ መንገድ ለማሠልጠን ታቀደ። በዚያው ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተዘረጋ። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ።

ለጉዳያችን ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ እንዲያስገቡ መሠልጠን ጀመሩ። ለብዙ ሴቶች ትልቅ እፎይታ ሆነ። ይሁንና የክንዱም ሆነ የሦስት ወሩ መርፌ የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል። አንዷ ጭራሽ ይቀርባታል፤ ሌላዋ ጠብ ጠብ እያለ አላቋርጥ ይላታል። አስቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ ትደነግጣለች፤ ታስወጣዋለች፤ ጎረቤቷንም ታስፈራራለች። መከላከያውን መስጠት የቻለ ባለሙያ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ደምም መልስ እንዲኖረው ግድ ሆነ።

በዓለም ደረጃም ነገሩ ግልጽ ያልነበረ ነው። ሐኪሞች ለአንድ ዓይነት ደም የተለያየ ስም ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን መንስኤዎቹን በዘጠኝ መደበ። አራቱ በምርመራ የሚታዩ ናቸው፦ ፖሊፕ፣ አዴኖማዮሲስ፣ ማዮማ፣ ካንሰርና ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ። የቀሩት የደም አለመርጋት፣ የእንቁላል አለቃቀቅ መዛባት፣ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ችግር፣ ከመድኃኒትና ከመከላከያ የሚመጣ፣ እንዲሁም ገና ያልተለየ ናቸው። ይህ ድርደራ ለአሠልጣኝም ለሠልጣኝም ሥራ አቀለለ፤ ባለሙያው በግምት ሳይሆን በተራ እየጠየቀ እንዲሄድ አስቻለው።

በኋላም የጤና ሚኒስቴር በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን መመሪያ ለአገራችን አስማምቶ ለጤና ጣቢያዎች አቀረበ። የዚህ ሥልጠና ጥሩ ጎኑ ባለሙያውን ከሥራው አንስቶ ሆቴል ከመውሰድ ይልቅ በጤና ጣቢያው ውስጥ፣ በቡድን፣ በየቀኑ በሚመጡ ዓይነት ታካሚዎች ምሳሌ መስጠቱ ነው። አንዱ ቢዛወር እውቀቱ ከእሱ ጋር አይጠፋም።

የሠለጠነ ባለሙያ ምን ያደርጋል? ደሙ ብዙ ከሆነ ግፊቷንና የልብ ምቷን ይለካል። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት የእርግዝና ምርመራ ያስቀድማል። የደም ማነስ ያያል፤ ምን መከላከያ እንደምትጠቀም ይጠይቃል፤ የማህፀን ጫፍ ይመለከታል። ብዙ ጊዜ አይቡፕሮፌን፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንና ለወራት የሚወሰድ የአይረን ክኒን ይበቃል። ካረጠች በኋላ ለደማት፣ ከግንኙነት በኋላ ለሚደማት ወይም ሆዷ ውስጥ እጢ ለተዳሰሰባት ግን ሳይዘገይ ሪፈር ይጽፋል። የማህፀን ጫፍ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚታይ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀን ማባከን ዋጋ አለው።

እኛ የሒሳብ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ነንና ነገሩን በወጪ ዓይን ማየታችን አይቀርም። በቅርብ ሊታከም የሚችል ደም ወደ ከተማ ሆስፒታል ሲሄድ ትራንስፖርት አለ፤ ማደሪያ አለ፤ አብሮ የሚሄድ ሰው አለ፤ የተዘጋ ጉልትና ያልተጋገረ እንጀራ አለ። ይህ ሁሉ በሐኪም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ከቁጠባዋ የሚወጣው ግን እሱ ነው። ደም ያነሳት ሴት ደግሞ ብድሯን የምትመልሰው በደከመ ጉልበቷ ነው።

ስለዚህ አባላቶቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ወሩ የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ በቀን የምትቀይሩትን ሞዴስ ወይም ጨርቅ ብዛት ጻፉ። ማንበብ የማትችል እህት ካለች ልጇ ይጻፍላት። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ለባለሙያው ከግማሽ ምርመራ አያንስም።

ደጋፊዎቻችንንም እንዲህ እንላለን፦ ሥልጠና ስትደግፉ ከሥልጠናው በኋላ ያለውን አትርሱ። የእርግዝና መመርመሪያ፣ የደም ማነስ መለኪያና የአይረን ክኒን ከሌለ የሠለጠነው ሰው ከሪፈር ወረቀት ሌላ የሚሰጠው የለውም። ከጎንደር ኮሌጅ ጀምሮ የተያዘው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የቀረን ለሴቷም ጭምር በሙሉ መፈጸሙ ነው።