የገበያው ጩኸትና የፊልሙ ዜማ፦ ፖለቲካዊ ስላቅ በሂንዲ መድረክ

ሕዝብ የሚፈራውን ገዥ በሣቅ የሚዳፈርበት ጥበብ በየአገሩ አለ። በሰሜን ሕንድ፣ በሂንዲ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ፣ ይህ ጥበብ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። ታሪኩን ስንመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል፤ ይኸውም ስላቁ ጉልበቱን የሚያገኘው አድማጩ አስቀድሞ በቃሉ ከሚያውቀው ዜማ መሆኑ ነው።

የብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ተውኔትን የሚቆጣጠረውን ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1876 ነበር። ሕጉ በመንግሥት ላይ ጥላቻ ይቀሰቅሳል የተባለን ትርኢት ሁሉ ለማገድ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ የቤናሬሱ ደራሲ ባራቴንዱ ሃሪሽቻንድራ «አንዴር ናገሪ»ን፣ ማለት «የጨለማ ከተማ»ን፣ ጻፈ። በዚያች ከተማ አትክልቱም ጣፋጩም ዋጋው አንድ ነው፤ ፍርዱም እንደ ገበያው ነው። ግድግዳ ተንዶ ፍየል ስለ ገደለ ጥፋቱ ከባለ ሱቁ ወደ ግንበኛው፣ ከግንበኛው ወደ ሌላው ሲንከባለል ይቆይና በመጨረሻ ለተዘጋጀው ገመድ የሚበቃ ወፍራም አንገት ይፈለጋል። በዚያች ሰዓት የሞተ ገነት ይገባል መባሉን ሰምቶ ገመዱን የሚሻማው ግን ንጉሡ ራሱ ነው። ባለሥልጣኑንና ፖሊሱን በግልጽ የሚሸነቁጠው ደግሞ የሆድ መድኃኒት ሻጩ ነው፤ የሚሸነቁጠውም ሸቀጡን በዜማ እየጠራ ነው። ለመሆኑ የገበያን ጩኸት ማን ይከለክላል?

ሕንድ በ1947 ነጻ ብትወጣም ሕጉ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አልተሰረዘም። በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ ደግሞ የስላቅ በር ይበልጥ ጠበበ። «ኪሳ ኩርሲ ካ» (የወንበር ታሪክ) የተባለው ስላቃዊ ፊልም ቅጂዎቹ ተይዘው ጠፉ፤ ፊልሙ እንደገና ተሠርቶ የታየው ዐዋጁ ከተነሣ በኋላ በ1978 ነው። ዝነኛው ድምፃዊ ኪሾር ኩማርም መንግሥት በጠራው ዝግጅት ላይ አልዘፍንም በማለቱ በ1976 ዘፈኖቹ ከመንግሥት ራዲዮ ታገዱ።

በ1973 በዴልሂ የተቋቋመው «ጃና ናትያ ማንች» የተባለው የተውኔት ቡድን ከዐዋጁ በኋላ ወደ ጎዳና ወጣ። በ1978 ያቀረበው «ማሽን» የብስክሌት ማቆሚያና የሻይ ቤት ስለ ጠየቁ ሠራተኞች የሚናገር አጭር ተውኔት ነው። መጋረጃ የለው፣ መብራት የለው። ባራቴንዱ በመድረክ የሣላትን ገበያ እነዚህ ከያንያን በእውነተኛው አደባባይ አገኟት። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1989 በጃንዳፑር «ሃላ ቦል» የተባለውን ተውኔት በማሳየት ላይ ሳሉ በፖለቲካ ተቀናቃኞች ተደበደቡ፤ የቡድኑ መሪ ሳፍዳር ሃሽሚ በማግሥቱ በ34 ዓመቱ ሞተ። አንድ ሠራተኛም አብሮ ተገደለ።

አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ የሚያቀርበው ቀልድ፣ ስታንድ አፕ ኮሜዲ የሚባለው፣ የዚሁ ውርስ ተካፋይ ነው። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገጣሚው ቫሩን ግሮቨር፣ ቀልደኛው ሳንጄይ ራጆራና የ«ኢንዲያን ኦሽን» ባንድ ሙዚቀኛ ራሁል ራም «ኤሲ ቴሲ ዴሞክራሲ» በተሰኘ ትርኢት ቀልድንና ዘፈንን አጣመሩ። «ፓዶሳን» በተባለው የ1968 ፊልም ውስጥ ኪሾር ኩማር ስለ ጎረቤት ሴት መስኮት የዘፈነውን ወስደው መስኮቱን የሕንድና የፓኪስታን ድንበር አደረጉት። በፊልሙ አፍቃሪው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ ተደብቆ የሚዘፍነው ወዳጁ ነው። የስላቅ ሥራም እንዲህ ነው፤ ሰሙ የፍቅር ዘፈን፣ ወርቁ የፖለቲካ ትችት። አድማጩ የቀድሞውን ግጥም ስለሚያውቅ የተለወጠችው አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

በማርች 2025 ቀልደኛው ኩናል ካምራ በ1997 በወጣ ፊልም ዜማ የማሃራሽትራን ምክትል ዋና ሚኒስትር ኤክናት ሺንዴን ስማቸውን ሳይጠራ ሸነቆጠ። ቀረጻው ይፋ እንደ ሆነ የባለሥልጣኑ ደጋፊዎች ትርኢቱ የቀረበበትን የሙምባይ አዳራሽ ሰባበሩ። አዳራሹ ይሰበራል፤ ከሕዝብ አፍ የገባ ዜማ ግን በምን ይሰበራል?

ሆኖም በዚህ ብቻ መጽናናት አይገባም። ዜማው የጋራ ሲሆን ቅጣቱ የሚወድቀው በአንድ ሰው ላይ ነው። በተውኔቱ ንጉሡ በገዛ ሞኝነቱ ወደ ገመዱ ሄደ፤ በታሪክ ግን ገመዱ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የከያኒውን አንገት ነው። ስለዚህ የሣቀ ሰው ሁሉ የሣቁ ባለዕዳ ነው። ሃሽሚ በሞተ በ2ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 4፣ ባለቤቱ ሞሎያሽሪና ጓዶቹ ወደ ጃንዳፑር ተመልሰው የተቋረጠውን ተውኔት ፈጸሙ። በዚያ አደባባይ ተሰብስቦ እስከ መጨረሻው የተመለከተውም ሕዝብ ከከያንያኑ እኩል ደፋር ነበር።