የአንድ አምፖል ሒሳብ

እኛ ከተሜዎች ስለ መብራት የምናወራው ሲጠፋ ብቻ ነው። ቢሉ ይመጣል፣ ይከፈላል፣ ይረሳል። እስቲ ዛሬ አንዲት ባለ 40 ዋት አምፖል ይዘን ወደ ጅማ እንውረድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አምፖሏ በየምሽቱ 4 ሰዓት ብትበራ በወር 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። በ2006 የወጣው የመብራት ኃይል ታሪፍ ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዳቸውን በ0.2730 ብር ይሸጥ ነበር። የራሱ ቆጣሪ ያለው የጅማ ነዋሪ ታዲያ በዚያ ታሪፍ ለዚህች አምፖል በወር የሚከፍለው 1 ብር ከ31 ሳንቲም ነበር፤ የአገልግሎት ክፍያው ሳይጨመር። ቦሌ ያለውም ያው፣ አጋሮ ያለውም ያው።

አሁን ከዋናው መንገድ ገባ እንበል። ገመድ ባልደረሰባቸው መንደሮች ጀነሬተር ያለው ሰው ለጎረቤቶቹ ሽቦ ይዘረጋና በአምፖል ቁጥር በየወሩ ያስከፍላል። ቆጣሪ ብሎ ነገር የለም፤ የሚቆጠረው አምፖሉ ነው። ትንሽ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢያወጣ ነው። ናፍጣው በሊትር 15 ብር ነው ብለን እንያዝ። ነዳጁ ብቻ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ይመጣል። ያቺው አምፖላችን በወር 24 ብር ልትበላ ነው። 18 እጥፍ መሆኑ ነው! ዘይቱ፣ መለዋወጫው፣ የባለቤቱ ትርፍ ገና አልተነሡም።

ባለ ጀነሬተሩን ዘራፊ ማለት ይቀላል። ግን ሰውየው የሚያስከፍለው የሚያወጣውን ነው። የሚገርመው ሌላኛው ዋጋ ነው። መብራት ኃይል ራሱ ከዋናው መስመር ውጪ በናፍጣ ሞተር የሚያበራቸው ከተሞች ነበሩት። እዚያ የማመንጫው ወጪ ከባለ ጀነሬተሩ ብዙም አይርቅም፤ ነዋሪው የሚከፍለው ግን የአዲስ አበባውን ታሪፍ ነበር። ልዩነቱን ድርጅቱ ይሸከመዋል፤ ድርጅቱ ማለት ደግሞ ሌሎቹ ደንበኞችና የመንግሥት ካዝና ናቸው። አንድ አገር፣ አንድ ዋጋ። እኔ በበኩሌ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። ችግሩ የሚሠራው ገመዱ ደጅህ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

ጅማ ደግሞ ኃይል የሚመነጭበት አገር ነው። ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ ግድብ በ2004 በ184 ሜጋዋት አቅም ሥራ ጀመረ። ለሐይቁ ሲባል ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከመሬቱ ተነሥቷል። ያው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተወስዶ በ2010 የተመረቀውን ባለ 420 ሜጋዋቱን ጊቤ 2ን ያሽከረክራል። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር በጎጆዎች አናት ላይ ያልፋል፤ ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ካልተተከለ ግን ከሥሩ ላለችው ጎጆ አንዲት አምፖል አያበራም።

ታዲያ ገበሬው ራሱ ተደራጅቶ ቢያበራስ? በ2003 በአዋጅ ቁጥር 317 የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ዋናው መስመር ቶሎ በማይደርስበት ቦታ ለግል ባለሀብቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ብድር መስጠት። በሌላው የቡና አገር በሲዳማ፣ በጎቤቾ፣ በኤረርቴና በሐጋራ ሶዲቻ፣ በጀርመን የልማት ድርጅት ድጋፍ ትንንሽ የውኃ ማመንጫዎች ተሠርተው ለተጠቃሚዎች ማኅበራት ተሰጥተዋል። አቅማቸው ከ10 ኪሎዋት በታች ጀምሮ እስከ 50 ገደማ ነው።

መንገዱ የተሞከረ ነው። አሜሪካ በ1935 መብራት የነበረው ከአሥር እርሻ አንዱ ብቻ ነበር። ሩዝቬልት በዚያው ዓመት የገጠር መብራት አስተዳደርን አቋቋመ፤ ማኅበራቱ ረጅም ጊዜ የሚከፈል አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር አገኙ፤ ቴክሳስ ውስጥ የፔደርናሌስ ማኅበር በ1938 ሲመሠረት ከኋላው ቆሞ የገፋው ሊንደን ጆንሰን የሚባል ወጣት የምክር ቤት አባል ነበር። እዚያ የማኅበሩ ዋጋ ከጎረቤት ኩባንያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ሁለቱም ወጪያቸውን ከደንበኛ የሚሰበስቡ ናቸው። እኛ ጋ ግን የማኅበሩ ጎረቤት ባለ 0.2730 ነበር። ይህ ዋጋ ከ2006 እስከ 2018 ድረስ 12 ዓመት ሙሉ አልተነቃነቀም። ዶላር ከ9 ብር በታች ከነበረበት ወደ 28 ብር ሲወጣ፣ ያቺ 27 ሳንቲም ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 1 ወርዳለች። ተርባይን በዶላር የሚገዛ የገበሬ ማኅበር ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

ጅማ ማኅበር የማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ከአጋሮ ወገን ያለው የዱሮሚና የቡና ገበሬዎች ማኅበር በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ማኅበር የገበሬውን ኪስ ያውቃል። ገንዘብ የሚታየው እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው፤ ክረምት ላይ በየወሩ ክፈል ቢባል ከየት ይምጣ? የቡናውን ሒሳብ የያዘ ማኅበር የመብራቱንም ከዚያው ላይ መቀነስ ይችላል። ባለ ቢሉ መሥሪያ ቤት ይህን አይችልም። ልዩነቱ የቡናው ማኅበር ለዓለም ገበያ መሸጡ ነው፤ የመብራቱ ማኅበር የሚሸጠው ግን የከተማውን ዋጋ ለሰማ አባል ነው።

በታኅሣሥ 2018 ታሪፉ ተነሣ። በአራት ዓመት ውስጥ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀመው ከ0.6943 ወደ 2.481 ብር ሲወጣ የመጀመሪያዋ እርከን ባለችበት ቀረች። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ መጥቷል። ለድሃው የታሰበችው እርከን ድሃው ጋ መድረሷ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ጅማ ከተማ መሀል አንድ ግቢ ውስጥ እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ቤተሰቦች አሉ እንበል። በ2006ቱ ታሪፍ አምስት ቆጣሪ ቢኖራቸው በድምሩ 54 ብር ከ60 ሳንቲም ይከፍላሉ። አንድ ቆጣሪ ከተጋሩ ግን 200 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚጠቀም አንድ ባለጸጋ ተቆጥረው 81 ብር ከ40 ይመጣባቸዋል። አከራይዋም ቢሉን ለማከፋፈል ስትነሣ በየክፍሉ ዞራ የምትቆጥረው አምፖል ነው።