ኮሌራ፣ ንዳድ እና የጎንደር ጤና ኮሌጅ

የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተዘጋ ወዲህ «እንግዲህ ወባውን ማን ይከላከልልናል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። የጎንደር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚለው ነገር አለውና እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከነሠራዊታቸው ጣና ዳር፣ ቆራጣ ላይ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ንጉሡ መጀመሪያ ሰፈሩን ከከተማዋ ራቅ ወዳለ ከፍታ አዛወሩት፤ በሽታው ግን አልበረደም። ከዚያ ሠራዊቱን ይዘው ወደ በጌምድር ደጋ፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። ይህን ጽፎ ያቆየልን ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከራሳም ጋር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው። ደጋ መውጣት የአባቶቻችን የቆየ መድኃኒት ነበር። የቻለ ይወጣል፤ ያልቻለ እዚያው ይቀራል።

በዚያው ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት ተወካዮች በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው ስለ ኮሌራ ይከራከሩ ነበር። በሽታው ባለፈው ዓመት ከመካ ሐጃጆች ጋር በግብፅ አልፎ አውሮፓ ገብቶባቸዋልና። ስብሰባው የመጀመሪያቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ላይ 12 መንግሥታት እያንዳንዳቸው አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት ልከው ነበር። ሐኪሙ ስለ በሽታው ሲያወራ ዲፕሎማቱ ስለ መርከብና ስለ ንግድ ያስባል። እንግሊዝ መርከቦቿ በኳራንታይን እንዲታገዱባት አትፈልግም። በሽታው በምን እንደሚተላለፍም አልተስማሙም። የመጀመሪያውን የጋራ ውል የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1892 ነው፤ ከ41 ዓመት በኋላ ማለት ነው! እናም ዛሬ አውሮፓ በጤና ጉዳይ ሲተባበር ስናይ ከጥንትም የተዋደዱ እንዳይመስለን። አንዱ አገር በሩን ዘግቶ ብቻውን እንደማይድን ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው የገባቸው።

የእኛው ትምህርት ደግሞ የመጣው ከደምቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ንዳድ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ገደለ ይነገራል። እህሉ ማሳ ላይ ቀረ፤ አጫጅ የለማ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና የአሜሪካው ፖይንት ፎር ሸክሙን ተካፈሉት።

ልብ በሉ፣ እነዚህ አካላት ክኒን አከፋፍለው ቢመለሱ ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሳቸውም ነበር። የተስማሙት ግን ሰው በማሠልጠን ላይ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒተሪያን እና የላቦራቶሪ ባለሙያ እንደ አንድ ቡድን እየሠለጠኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ጀመር። ቆላ ድባና ዳባት የሄዳችሁ ተማሪዎቼ ይህን ታውቁታላችሁ። ምንጭ ማጎልበቱ፣ ሽንት ቤት ማስቆፈሩ፣ ቤት ለቤት መዞሩ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

ጊዜው የደረሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥታ ደጋውን አጠቃች። በአገር ደረጃ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ተገምቷል። ያ የቆየ መድኃኒት፣ ደጋ መውጣት፣ ከዚያ ወዲህ መተማመኛ መሆኑ ቀረ። በዓመቱም አገር አቀፍ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አሜሪካኖቹ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሲሆን አጋሩ የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዛሬ ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር የለም፤ ዩኒቨርሲቲውም በካርል ማርክስ ስም አይጠራም። ንጉሡም ደርጉም አልፈዋል። የጎንደሩ ትምህርት ቤት ግን አለ። ያሠለጠናቸው ሰዎች ሌሎችን አሠልጥነዋል፣ እነዚያም ሌሎችን።

ሌላው ምሳሌ ካላዛር ነው። የደጋ ልጅ ሰሊጥ ሊያርም መተማና ሑመራ ይወርድና በሽታውን ይዞ ይመለሳል። በሽታው ሱዳንንም፣ ኬንያንም፣ ኡጋንዳንም ስለሚያጠቃ እ.ኤ.አ. በ2003 የአራቱ አገሮች ባለሙያዎች ካርቱም ላይ የጋራ የምርምር መድረክ አቋቋሙ። የጎንደር ሐኪሞችም በዚህ ሥራ ውስጥ አሉበት። እንግዲህ አውሮፓ 41 ዓመት የፈጀበትን ነገር ጎረቤቶችም ለራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ ማለት ነው።

ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ ነገሩ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። አጎበርም፣ መድኃኒትም፣ መመርመሪያም ገንዘብ ይጠይቃል። ግጭት ባለበት ቦታ ደግሞ ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ባለሙያው አይደርስም። የእርዳታው መቋረጥ ሰው ይጎዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ግን ያለፉት 70 ዓመታት አንድ ነገር ያሳዩናል። ለጋሽ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጎንደር ላይ ሦስቴ አይተነዋል። በእያንዳንዱ ጊዜ የቀረልን የሠለጠነው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በየጤና ጣቢያው ደመወዙ አልበቃው ብሎ ሥራውን ለመተው የሚያስበው ወጣት ጤና መኮንን ነው። እሱ ከሄደ፣ ነገ ሌላ አጋር ቢመጣ እንኳ ከማን ጋር ይሠራል?

የደምቢያ ልጆች፣ የዚያን የንዳድ ዘመን ወሬ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ እባካችሁ እዚህ ጻፉልኝ። የቀድሞው ኮሌጅ ምሩቃን ቤተሰቦችም እንዲሁ። የሚያስታውሱት ሰዎች እያለፉብን ነው።