መርፌውን ከጀርም የሚያጸዳ፣ ሠራተኛውን የሚጎዳ ጋዝ

በክሊኒካችን መርፌ ሲከፈት ማሸጊያውን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? በብዙዎቹ ላይ «ኢ.ኦ.» ተብለው የሚነበቡ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። ኢትሊን ኦክሳይድ በተባለ ጋዝ ከጀርም ጸድቷል ማለት ነው። የዛሬው ዝግጅታችን የዚህ ጋዝ ጉዳት እንዴት እንደታወቀ ይነግራችኋል።

ጋዙን በመጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል አዶልፍ ቩርትዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1859 ነበር። ከ1950ዎቹ ወዲህ ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎች በስፋት ተጠቀሙበት፤ በእንፋሎት ሙቀት የሚበላሸውን ፕላስቲክ ሳይጎዳ፣ ማሸጊያውን ዘልቆ ጀርም ይገድላልና።

ነገር ግን ለጀርም ያልራራው ጋዝ ለሰውም አይራራም። ሠራተኞች ዓይናቸውን ይቆጠቁጣቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። የባሰው ግን ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የስዊድን ተመራማሪዎች በዚህ ጋዝ የሆስፒታል ዕቃ በሚመከንበት ፋብሪካ ከ230 ሠራተኞች 3ቱ በደም ካንሰር መያዛቸውን ገለጹ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ አይጠበቅም ነበር። በ1982 ደግሞ በፊንላንድ ሆስፒታሎች ዕቃ በሚያመክኑ እርጉዞች ላይ ውርጃ መብዛቱ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ በ1984 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን ከሚሊዮን 50 እጅ ወደ 1 እጅ አወረደች። በ1994 የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ጋዙ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋገጠ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህ ጋዝ ጣፋጭ ሽታ ለአፍንጫ የሚታወቀው መጠኑ ከተፈቀደው በመቶዎች እጥፍ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ «አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

መርፌው ወደ እኛ የሚላከው ጋዙ እንዲወጣለት ከተደረገ በኋላ ስለሆነ ክትባት አትፍሩ። አደጋው ያለው እዚያው በሚሠሩት ላይ ነው።

በካምፓችን ይህ ጋዝ ባይኖርም፣ ክሎሪንና ግሉታራልዴሃይድ የሚነኩ የጽዳትና የክሊኒክ ሠራተኞች አሉን። ግሉታራልዴሃይድ ቆዳ ያቆስላል፣ አስምም ያመጣል። እኔም በተለማማጅነቴ ጊዜ መስኮት በሌለው ክፍል ዕቃ ስዘፈዝፍ ዓይኔ ሲያለቅስ «ይለመዳል» ተብዬ ነበር። አይለመድም። ጓንት አጥልቁ፣ መስኮት ክፈቱ፣ መያዣውን ክደኑ፤ ክሎሪንን ከሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ። ሳል ከጀመራችሁ፣ እርጉዝም ከሆናችሁ ሳትፈሩ ለኃላፊያችሁ ንገሩ። የስዊድኖቹም ሕመም ለሌሎች መጠበቂያ የሆነው ስለተቆጠረና ስለተነገረ ነው።