ከብራና እስከ ዲ.ኤን.ኤ.

የሰው ልጅ ያወቀውን ለልጁ ለማቈየት ብዙ ደክሟል። በድንጋይ ቀርጿል፤ በሸክላ ጽፏል፤ በአገራችንም ሊቃውንት የፍየል ቆዳ ፍቀው ብራና አዘጋጅተዋል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች 1,500 ዓመት ያህል ቈይተው ዛሬም ይነበባሉ። እኛ በሐዋሳ የምንጽፈው ግን በወረቀትና በኮምፒውተር ነው። ወረቀቱን ምስጥና ርጥበት ይበሉታል፤ የኮምፒውተሩም ዲስክ ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በላይ አይታመንም። ታዲያ የተማሪ ቤታችን ታሪክ ለልጅ ልጆቻችን በምን ይቈይ?

አንዱ መልስ የተገኘው ከፍጥረት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. (የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ዋትሰንና ክሪክ፣ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን የራጅ ምርምር ጭምር መሠረት አድርገው፣ የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ገለጹ። ዲ.ኤን.ኤ. የዘርን ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ፣ በአራት ፊደላት እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ያለ ነገር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ማናቸውንም ጽሑፍ በ0 እና በ1 ያስቀምጣል። ስለዚህ 00ን በኤ፣ 01ን በሲ፣ 10ን በጂ፣ 11ን በቲ መተካት ይቻላል። መንገዱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ጆርጅ ቸርችና ባልደረቦቻቸው አንድ ሙሉ መጽሐፍ በዲ.ኤን.ኤ. ጻፉ።

ነገር ግን ብዙ መጻሕፍት በአንድ ብልቃጥ ሲቀላቀሉ አንዱን ለይቶ ማውጣት እንዴት ይቻላል? በዚህ ጥያቄ ከደከሙት አንዱ በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር አወቃቀር መምህር የሆኑት የብራዚል ተወላጅ ፕሮፌሰር ሉዊስ ሴዜ ናቸው። ከማይክሮሶፍቷ ካሪን ስትራውስና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በመጽሐፍ ጀርባ ቍጥር እንደሚለጥፍ ሁሉ፣ በየጽሑፉ ጫፍ አድራሻ የሚሆኑ ፊደላት ጨመሩ። ያን አድራሻ ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቍራጭ ሲገባበት የተፈለገው ጽሑፍ ብቻ ይባዛል፤ ከዚያም ይነበባል። በ2018 ዓ.ም. 35 ፋይሎችን አንድ በአንድ ያለ ስሕተት ማውጣታቸውን አስታወቁ።

ሥራው ግን ገና ሕፃን ነው። በ2019 ዓ.ም. መሣሪያቸው ያለ ሰው እጅ ጽፎ ያነበበው አንድ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ የሰላምታ ቃል ሲሆን፣ 21 ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ዋጋውም ውድ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የገሪማ ወንጌሎች የቈዩት ብራናው ስለ ጠነከረ ብቻ አይደለም፤ መነኰሳቱ ስለ ጠበቋቸው፣ ግዕዝን የሚያነብም ስላልጠፋ ነው። ዲ.ኤን.ኤ.ም በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ለሺሕ ዓመታት ሊቈይ ይችላል፤ ቍልፉን የሚያውቅ ከሌለ ግን ዝም ያለ ዱቄት ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ብልቃጡ ሐዋሳ እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የተማሪ ቤታችንን መዝገብ ገልብጠን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ እናኑር፤ ለሚከተሉንም ማንበብን እናስተምር።